ጋሽ ይጨመርና የልጁ መስመር

ለራውተር ክፍላችን አንጋፋ ሠራተኛ «ጋሽ ይጨመር» የሚል ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አይጸጽተኝም። ሥራችን ለየደንበኛው ከከተማ ከተማ ታነል፣ ማለትም ለብቻው የተለየ የመረጃ መንገድ፣ መቀየስ ነው። መረጃ አስተላላፊዎቹን ራውተሮች ይህን ያህል ባንድዊድዝ፣ ማለትም የመስመር ስፋት፣ ያዙለት ብለን እናዛለን፤ እነሱም መረጃው ላይ ቁጥር እየለጠፉ በተቀየሰው መንገድ ያሳልፉታል። መያዝ ግን መጠቀም አይደለም። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ላይ ኮቱን ጥሎ ሻይ ሊጠጣ የወረደ መንገደኛ አስቡ፤ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ግን ማንም አይቀመጥበትም።

ጋሽ ይጨመር ደንበኛ አንድ ሲጠይቀው ሁለት ይይዛል። «ሰው እኮ የሚበቃውን አያውቅም፣ ይጨመርለት!» ይላል። ቤቱም ያው ነው። ጥቂት እንግዳ ሊመጣ ከሆነ የሰፈሩን ወንበር ሁሉ ይዋሳል፤ ሚስቱ «ደሞ ማን ሊመልሰው ነው?» እያለች ትነጫነጫለች።

ልጁ የእኛኑ ሙያ ተምራ ሥራ ፈልጋ ፈልጋ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል፣ ሌላ ከተማ ያለ ባንክ ለቃለ መጠይቅ ጠራት። በቪዲዮ ነው። እሷ እዚህ ካለው ቅርንጫፍ ሆና ትመልሳለች፣ ጠያቂዎቹ ዋናው መሥሪያ ቤት ናቸው፤ የባንኩ መስመር ደግሞ በእኛ ታነል ነው የሚያልፈው። ጋሽ ይጨመር ያን ለት ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ መጣ።

ቃለ መጠይቁ ተጀመረ፤ ታነሉም ሰላም ነው። እሱ ግን ወንበሩ እሾህ ያበቀለ ይመስል ይቁነጠነጣል።

«ቢጨመርላትስ?» አለኝ።

«ጋሼ፣ በሞቴ ተዋት። ደህና እየሄደላት ነው።»

«ምስሏ ቢደበዝዝስ? አፍርሼ አሰፋዋለሁ፣ ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ!»

ተው ብል ማን ሰምቶኝ! ታነሉን አፈረሰው፤ ቃለ መጠይቁም መሃል ላይ ተቋረጠ። ከዚያ ሦስት እጥፍ ጽፎ አዘዘ። ራውተሩ ይህን ያህል ቦታ ያለው መንገድ የለም ብሎ እንቢ አለ። ደግሞ አዘዘ፤ አሁንም እንቢ።

«መስመሩ እኮ ባዶ ነው!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው፣ ባዶ ነበር። ግን ለፋብሪካው፣ ለሆቴሉ፣ ላልጠየቀው ሁሉ ቦታ ይዞ የጨረሰው ማን ሆነና?

ስልኩ ጮኸ። ልጁ ናት።

«አባዬ፣ አንተ ነህ አይደል?»

«እኔ? እኔ ምን በወጣኝ!»

«አባዬ!»

«ትንሽ ልጨምርልሽ ብዬ ነው…»

«ቀንስ። የሚበቃኝን ብቻ ስጠኝ።»

ቀነሰ፤ ታነሉ ተነሳ። እኔም ኪቦርዱን ነጥቄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ሽማግሌው ላቡን ሲጠርግ አንጀቴን በላው፣ ግን ኪቦርዱን አልመለስኩለትም።

ቃለ መጠይቁ እንዳበቃ እንደገና ደወለች።

«መስመሩ ለምን የተቋረጠ ይመስልሻል ብለው ጠየቁኝ።»

«ምን አልሽ?»

«መንገዱ ከሚችለው በላይ ቦታ የጠየቀ ሰው አለ አልኩ። በምን አወቅሽ ሲሉኝ፣ ያሳደገኝ ሰው ነው አልኳቸው።»

ጋሽ ይጨመር ዓይኑን ጨፈነ። «ታዲያ?»

«ሳቁ። ከዚያ ሰኞ እዚህ ዋናው መሥሪያ ቤት መጥተሽ ሥራ ጀምሪ አሉኝ!»

ከወንበሩ ዘሎ አቀፈኝ፤ አጥንቴ እስኪንቋቋ አቀፈኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ለቀቀኝና ተቀመጠ።

«ሰኞማ ነገ ነው» አለ።

ቀኑ ገና ማክሰኞ ነበር።