ኮረሪማ ያስተማሩኝ እናት

ለሁለተኛ ዲግሪዬ ያጠናሁት ሆርቲካልቸር ነው፤ የመመረቂያ ጥናቴም ኮረሪማ ላይ ነበር። የሙከራ ቦታ ሳፈላልግ፣ ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ አንዲት የሸኮ ተወላጅ አዛውንት ከቡና ማሳቸው ጥላ ዛፎች ሥር ቁራጭ መሬት ፈቀዱልኝ። "እማማ" እላቸው ነበር።

ገመድ ወጥሬ፣ ጥልቀቱን በማስመሪያ እየለካሁ፣ ከነሥሩ የተገነጠለ የኮረሪማ ቡቃያ በመስመር ተከልኩ። እማማ ጉቶ ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ዋሉ።

ዝናቡ በረታ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከምማርበት ከሚዛን ተፈሪ በሚኒባስ ስመለስ አብዛኛው ተክል ቢጫ ሆኖ ጠበቀኝ። አንዱን ብነቅለው ሥሩ በስብሶ እጄ ላይ ፈረሰ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

"አርቀሽ ነው የቀበርሽው" አሉኝ እማማ፣ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው።

"ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገሩኝም?"

"አልጠየቅሽኝም። ደግሞ የተማርሽ ነሽ፤ እንዲህም ይበቅል እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።"

ለካ እሳቸውም እየሞከሩ ኖሯል። ወደ ራሳቸው ኮረሪማ ወሰዱኝ። ሥሩ ከአፈሩ ፊት ብዙም አልራቀም፤ የረገፈ ቅጠል ብቻ ለብሷል። የቱን ከየትኛው ዛፍ ሥር፣ የቱን ወንዝ ዳር እንደተከሉ፣ የትኛው እንደደረቀና የትኛው እንደጸደቀ አንድ በአንድ ነገሩኝ። እኔ በአንድ ክረምት ሙከራ ስጨነቅ፣ እሳቸው የዕድሜ ልካቸውን በቃላቸው ይዘውታል።

አማካሪዬ ይቆጡኛል ብዬ እየፈራሁ ደወልኩላቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና "የሳቸውን አተካከል ካንቺው ጎን ጨምሪና እንደገና ጀምሪ" አሉኝ።

በሁለተኛው ዙር በእማማ አተካከል የተተከለው ጸደቀ። የኔው ግን ዳግመኛ በሰበሰ።

ጥናቴን ሳቀርብ ፈታኙ መምህር "ይህን ጥልቀት ከየትኛው ጽሑፍ አገኘሽው?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"ከገበሬ ነው" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። "ታስተዋውቂኛለሽ?"

ወሰድኳቸው። እማማ ማሳቸውን ሲያስጎበኙን ቆዩና አንድ ተክል ጋ ቆም አሉ። "ይሄኛው አበባው ብዙ ነው፣ ፍሬው ግን ትንሽ። ለምን ይሆን?"

መምህሩ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። "አላውቅም" አሉ በመጨረሻ።

"እኔም አላውቅም" አሉ እማማ ደስ ብሏቸው፤ ሌላ ሊያሳዩንም ቀድመውን መንገድ ጀመሩ።