ጳጉሜን ላይ የወደቀው ቀይ መስመር

ኤቢሴ የጎጆ ከተማ ልጅ ናት። ጎጆ ብርዱ ሰውን ያስተቃቅፋል፤ ሲጣላም ተቃቅፎ ነው የሚጣላው፣ ዱላው ሳይቆጠር። አባቷ ግማሽ ጆሮውን ለድንበር ጠብ ገብሯል፣ ታናሽ ወንድሟ ገመቺስ ደግሞ የፊት ጥርሶቹን። እሷ ጆሮዋንም ጥርሷንም ይዛ አምቦ ወረደች፤ ተማረች፤ አንድ የጸጥታ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። ሥራዋ? የተፈነከተ ሰው መቁጠር። ሐሜተኛው «ከፍንክት ሸሽታ ፍንክት ላይ ተቀጠረች» አለ፤ አልዋሸም።

ከጉደር፣ ከእጃጂና ከጎጆ የሚመጣላት ሰንጠረዥ ወሮቹን ወደ ጎን የዘረጋ ነበር፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፣ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ። በዱላ የተፈነከተው፣ በጩቤ የተወጋው፣ በድንጋይ የተፈለጠው በየወሩ አምድ ሥር ተደምሮ ይመጣል። ስታቲስቲክስ የሚሠራው ሶፍትዌር ግን እንዲህ ያለውን አይወድም። አምዶቹን አንስታ አንዱን ከአንዱ ሥር መደርደር፣ በየረድፉ አንድ ከተማ፣ አንድ ወርና አንድ ቁጥር ብቻ ማስቀረት አለባት። ያስተማራት የለም፤ ኮምፒውተሩ በቀይ ጽሑፍ ሲጮህባት እሷም በኦሮምኛ እየመለሰችለት ለመደችው። የዚያን ዓመት መጨረሻ ሦስቱን ከተሞች በአንድ ሥዕል አወጣቻቸው፤ ጉደር ሰማያዊ፣ እጃጂ አረንጓዴ፣ ጎጆ ቀይ። ቀዩ ዓመቱን ሙሉ ከላይ ከላይ ሲሄድ ቆይቶ፣ መጨረሻው ላይ ገደል እንደገባ በግ ቁልቁል ወረደ። ሁለቱም ተከትለውት ወረዱ።

አለቃዋ ኦቦ ባይሳ ሥዕሉን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ሰላም ወርዷል አሉ፤ የድካማችን ፍሬ ነው አሉ፤ በስብሰባ ላይ ስሟን ጠርተው አስጨበጨቡላት። የመጨረሻዋ ነጥብ ጳጉሜን እንደሆነች፣ ጳጉሜን ደግሞ አምስት ቀን እንደሆነች ለኤቢሴ ትዝ ያላት ጭብጨባው መሃል ነው። ግን በዕድሜዋ ተጨብጭቦላት አያውቅም። ዝም አለች።

ዝምታዋ የቆየው ውሳኔውን እስክትሰማ ነው። በጎጆ ገበያ መግቢያ ሚሊሻዎች ቆመው የገበያተኛውን ዱላ ይቀበላሉ፤ ሲወጣ ይመልሱለታል። ገመቺስና የድንበር ባላጋራው ኦሊቃ በድንች ማሳ ከተዛዛቱ ወዲህ ሳይገዳደሉ የቆዩት በዚህ ብቻ ነው። አሁን አገር ሰላም ስለሆነ ዱላ መቀበሉ ይቅር የሚል ደብዳቤ ከኦቦ ባይሳ ቢሮ ወጣ።

ኤቢሴ አለቃዋ ቢሮ ዘው አለች። መስመሩ የወረደው ጠብ ቀንሶ ሳይሆን ወሯ አጭር ስለሆነች ነው፤ እያንዳንዱን ወር ለቀኑ ብዛት አካፍዬ ልሣለው፤ የጎጆው እንዲያውም ሽቅብ ይወጣል አለቻቸው።

«ጳጉሜን ወር አይደለችም ነው የምትዪኝ?» አሉ ኦቦ ባይሳ።

«ወር ናት፤ ግን አምስት ቀን ናት፣ ኦቦ ባይሳ።»

«አሥራ ሦስት ወር አለን ብለን የምንኩራራው ታዲያ በምን ነው? ሥዕሉን ራስሽ ሣልሽው፣ እኔ አስጨበጨብኩ። ደብዳቤው ሄዷል፣ ልጄ።»

በመስቀል ገበያ ዕለት መንገዱ አጥንቷን ሲያላጋት ጎጆ ደረሰች። ገበያው ሁሉ ዱላ ሆኗል። ገመቺስን በግ ተራ አገኘችውና ዱላውን እንዲሰጣት ለመነችው። ሁሉም ይዞ እኔ ብቻ ባዶ እጄን ልታረድ ወይ ብሎ ሳቀባት።

ሳቁን ሳይጨርስ ኦሊቃ ከበጎቹ መሃል ብቅ አለ። ማን ቀድሞ እንደተሳደበ ዛሬም ያከራክራል። የመጀመሪያው ምት የገመቺስን ትከሻ አገኘ፣ ሁለተኛው የኦሊቃን ጉልበት። ከዚያ ዘመድ አዝማዱ ገባበት፤ በግ ይረገጣል፣ ሰው በገዛ ደሙ ይታወራል፣ ለመገላገል የገባው ከተጣላው ብሶ ይማታል። ገመቺስ አዳልጦት ተንበረከከ። ኦሊቃ በሁለት እጁ ያነሳውን ዱላ አናቱ ላይ ሊያወርደው ሲል ኤቢሴ ክንዷን ሰደደች። አጥንቷ እንደ ጭራሮ ሲሰበር በዙሪያው ያለ ሁሉ ሰማ።

ልትገላግል የገባች ሴት መምታት ለዚያ አገር ወንድ ትልቅ ነውር ነው። ኦሊቃ ዱላውን ጥሎ ደርቆ ቀረ። ገመቺስ ግን ብድግ ብሎ ባዶ እጁን የቆመውን ሰው ፊቱን በዱላ አለው። የኦሊቃ ቀኝ ዓይን እዚያው ፈሰሰ።

ዱላ መቀበሉ ወዲያው ተመለሰ። ኦቦ ባይሳ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋት መጡና፣ ሲወጡ በር ላይ ቆመው፣ ያ ሥዕል በቀን ቢካፈል ጥሩ ነበር አሉ፣ ሐሳቡ ገና አሁን የመጣላቸው ይመስል።

ክንዷ በጀሶ እንደታሰረ ወንድሟን ፖሊስ ጣቢያ ጠየቀችው። ገመቺስ አናቱን እየደባበሰ፣ «ኤቢሴ ኮ፣ የኔ እህት፣ ይኸው ደህና ነኝ፤ ጭረት እንኳ የለብኝም» አላት።

«ራስህን አትርፌልሃለሁ» አለችው። «ልብ የሚሰጠው ግን ዋቃ ነው።»

ምሳውን በግራ እጇ አቀበለችውና፣ ለኦሊቃ ሚስት ምን ብላ እንደምትጀምር እያሰበች ወደ እነሱ ቤት መንገዷን ጀመረች።