ከኋላው የማየው እግር

ያን ጠዋት ሴቻ ዳገቱ አናት ላይ አራት ነበርን። አንደኛው የቀበሌያችን ወጣቶች ማኅበር አሰልጣኝ ነበር፤ «ጓድ አሰልጣኝ» እንለዋለን። ሁለተኛው የጎረቤቴ ልጅ ነበር፣ ሯጩ። ሦስተኛዋ እግሩን የምታሽበትን ቅቤ በጣሳ ይዛ የመጣች የሯጩ ታላቅ እህት ነበረች። አራተኛው እኔ ነኝ።

ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ቀበሌው የሚልከው አንድ ሯጭ ብቻ ነበር። የተመረጠው እሱ ነው፤ እኔ ተጠባባቂ ነበርኩ። በየጠዋቱ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ እስከ ላይኛው ሴቻ ከኋላው ስለምሮጥ እግሩን ከራሴ እግር ይልቅ አውቀው ነበር። የቀና ሰው ዓይኑ አያርፍም። እኔን የሚያሸኝ አልነበረም፤ በዚያ ቅቤም እቀና ነበር።

ዳገት በወጣን ማግስት የሁለታችንም ጭን ይተሳሰራል። ሁለቱም እግር እኩል ያማል፤ ሰውነት ሲሞቅ ይለቃል፤ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይረሳል። የሰሞኑ የእሱ ሕመም ግን ሌላ ሆነብኝ። ቀኝ እግሩን ብቻ ነው፤ ያውም ቅልጥሙ ላይ፣ በአውራ ጣት የምትሸፈን አንዲት ቦታ። ሲሞቅ ይብስበታል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ እርምጃው ያጥራል።

ያን ጠዋት እህቱ ያችኑ ቦታ አጥብቃ ታሸው ጀመር። በእኛ ዘንድ ሯጭን ካመመው ይታሻል፤ ካልለቀቀው ደግሞ የበለጠ ይታሻል። አሰልጣኙም ድካም ነው፣ ዳገት ያመጣውን ዳገት ያስለቅቀዋል አለ።

እኔ ድካም አይደለም አልኩ። እህቱ ቀና ሳትል፣ «አንተንም እንሽህ እንዴ?» አለችኝ።

እሱ አልሳቀም። «ቦታዬን ፈልገህ ነው» አለ።

«አዎ፣ እፈልገዋለሁ። እግርህ ግን ተጎድቷል። እስቲ በአንድ እግርህ ዝለል።»

በግራው ዘለለ። በቀኙ አንዴ ተነሥቶ ሲያርፍ የእህቱን ትከሻ ያዘ። ጓድ አሰልጣኝ በውድድሩ እንደማያሰልፈው ነገረው።

በእሱ ቦታ እኔ ሮጥኩ፤ አራተኛ ወጣሁ። ስጨርስ የቀበሌያችን ሰዎች እሱን ከበው እግሩ እንዴት እንደሆነ ይጠይቁት ነበር። ለእኔ ውሃ ያቀበለኝ የሌላ ቀበሌ ሰው ነው። ቦታውን ይዤም ቀናሁበት።

ያን ጠዋት ዳገቱ ላይ ከነበራችሁት ከሦስታችሁ ይህን የሚያነብ ካለ አንድ ነገር ይጨምርልኝ። በቀኙ ሲያርፍ ፊቱ ምን ይመስል ነበር? እኔ እግሩን ነበር የማየው።