ከቤቱ ኋላ የተተከሉት አምስት ችካሎች

አለኸኝ የኮሶዬ ገበሬ ነው። ከቤቱ በላይ ባለች አንዲት የገብስ ቁራሽ ከጎረቤቱ ከውድነህ ጋር ሰባት ዓመት ተካሰዋል። ሽማግሌው ተቀምጦ ተነሥቶ፣ በመጨረሻ ሰልችቶት ተበትኗል። ቁራሿ ለአንድ ጥማድ በሬ የግማሽ ቀን ሥራ አትሞላም። ግን የአባቱ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል።

ጣሊያን ጎንደርን በያዘ በዓመቱ ፈረንጆች ገመድ እየዘረጉ መጡ። ከአለኸኝ ግቢ በታች፣ ጦም ባደረው መሬት ላይ፣ ራሳቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች በሁለት ረድፍ ተከሉ። ምን እንደሆነ የነገረው የለም። አስተርጓሚው እንዳትነኩ ብሎ ብቻ አለፈ። በአገሩ ደግሞ ርስት ሲካፈሉ ገመድ ይጣላል፣ ችካል ይተከላል፣ በችካሉ መካከል ያለው ለባለ ድርሻው ይሆናል። አለኸኝም አዲሱ መንግሥት መሬት የሚያድል መሰለው። ከሰው ሁሉ ደጅ የእሱን ደጅ መምረጣቸውን እንደ ሹመት ቆጠረው።

ሚስቱ አዛለች፣ ሰው የተከለውን ተወው ብላው ነበር። አልሰማትም። እሑድ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ሲሄድ እግሬን አሞኛል ብሎ ቀረና ከላይኛው ረድፍ አምስቱን ነቀለ። ከቤቱ ኋላ አሻግሮ፣ የተካሰሱባትን ቁራሽ አሳልፎ፣ ከውድነህ እርሻ ጥግ ተከላቸው። በድንጋይ መታቸው፤ ዙሪያውን በእግሩ ረገጠው። ቤቱም ገብሱም በችካሉ መካከል ገቡለት። ያን ለት ምሳውን ሸጋ አድርጎ በላ።

መንገድ ቆፋሪው ሠራተኛ የመጣው ገብሱ ሳይታጨድ ነው። ገመድ የጣሉት ፈረንጆች ወደ ድብ ባሕር አልፈዋል። የቀረው የሠራተኛው አለቃ፣ ካቦ የሚሉት፣ ያየው ችካሉን ነው። መታጠፊያ ስለሆነ መስፋቱም አልገረመው፤ በመካከል ያለው ሁሉ ይቆፈር አለ። አለኸኝ እውነቱን ሊናገር ቀረበ። ግን ችካል የነካ ሰው ተገርፎ መሞቱን ሰምቷል። ወደ ኋላው ተመለሰ። ምሰሶው ሲወድቅ አዛለች ጋኗን አቅፋ ደጅ ቆማ ነበር። በሳልስቱ ለእሱም ዶማ ሰጡትና የገዛ ምድጃውን ድንጋይ ሲፈነቅል ዋለ።

ቆይቶ ጭቃ ሹሙ ሐብተ ማርያም ቃል አመጣ። መንገድ ቤቱን የወሰደበት ሰው፣ ችካሉን እዚያ የተከለው ፈረንጁ ራሱ መሆኑን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ከማለ፣ ከግጦሹ ምትክ ይሰጠዋል ተባለ።

«ሂድና ማል» አለችው አዛለች። «ልጆቼ ከወንድሜ ከብቶች ጋር እየተኙ ነው። ኃጢአቱን እኔ እሸከመዋለሁ።»

ሄደ። ሽማግሌዎቹ ቆመው ጠበቁት። እጁን በሩ ላይ አሳረፈ። ያን እሑድ ሰው ሁሉ እዚህ ውስጥ ሲያስቀድስ እሱ የት እንደነበረ ትዝ አለው። ምላሱ እንቢ አለች። እጁን አወረደና ማንንም ሳያይ ወደ ቤት፣ ማለት ወደ አማቹ በረት፣ ተመለሰ። አዛለች ፊቱን አይታ አለመማሉን አወቀች። ከዚያ ወዲህም ብዙ አላነጋገረችውም።

ለደባርቁ መንገድ ጠጠር ሲፈልጥ አንድ ቀን ውድነህ መጥቶ አጠገቡ ቆመ። እሱም የእርሻው ጥግ ሄዶበታል።

«አያ አለኸኝ» አለው፣ «ያን ለት ከቅዳሴ ቀደም ብዬ ወጥቼ ነበር። አይቼሃለሁ።»

አለኸኝ መዶሻውን አላነሣም።

«ደግ አደረግህ። ድንበርህ እኮ ይኸው ደባርቅ ደረሰ።»

ማኪና ሲመጣ ሁለቱም ወደ ዳር ወጡ። ማኪናው ምድጃው በነበረበት ላይ ዞረ፤ አቧራው ሲረግፍ አለኸኝ ጎንበስ ብሎ ፍለጣውን ቀጠለ።