ለቡሄ የተሞላ ቤንዚን

የከረመ ቤንዚን እንደ አዲሱ አይሸትም። አዲሱ አፍንጫ ይወጋል፤ የከረመው ግን ይኮመጥጣል፤ የቆየ የቀለም ቆርቆሮ የተከፈተ ይመስላል። ባለፈው ሳምንት ወንድሜ የአባታችንን የሣር ማጨጃ ማሽን የሚገዛ ሰው አገኘሁ ብሎ ደወለልኝ። ማሽኗን ከዕቃ ቤት አውጥቼ የታንከሯን ክዳን ስከፍት ያ ሽታ ፊቴን ሞላው። ከተማው ውስጥ ባጃጆች ለቤንዚን ተሰልፈው ይውላሉ፤ እኛ ቤት ማንም ያልነካው ቤንዚን ስንት ዓመት ተቀምጦ ኖሯል።

አባቴ መምህር ነበር። ማሽኗን የገዛት ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር ባልደረባው ነው። ግቢያችን እስከ ጣና ዳር ይወርዳል፤ በክረምት ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። ማታ ማታ ጉማሬ እየወጣ ስለሚግጠው ጎረቤታችን አባቴን በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ይቀልድበት ነበር።

«ጋሼ፣ ጉማሬው በነጻ ያጭድልዎ የለም እንዴ?»

«እሱማ ያጭዳል፤ ግን አያስተካክልም» ይላል አባቴ።

ክረምቱን በየቅዳሜው ያጭዳል። የተረፈውን ቤንዚን ለሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ታንከሩ ውስጥ ይተወዋል። ዝናቡ አባርቶ ሣሩ ማደግ ሲያቆም ግን ወደ ጀሪካኑ ይገለብጠዋል። «ቤንዚን እንደ እንግዳ ነው፤ ሲሰነብት ይከብዳል» ይለን ነበር። ከዚያ በማሽኗ ጉሮሮ የቀረው ጠብታ እስኪያልቅ ሞተሯን አስነሥቶ ይጠብቃል። ልትጠፋ ስትል አንዴ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፤ ታስልና ዝም ትላለች። ያንን ድምፅ ስንሰማ እኛ ልጆቹ ክረምቱ አለቀ እንል ነበር።

አሥረኛ ክፍል የጨረስኩ ዓመት አባቴ ታመመ። ሐምሌ ላይ ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ እንዲሄድ ተነገረው። «ለቡሄ እመጣለሁ፤ ሙልሙሌን ማንም እንዳይበላብኝ» አለን። እኛም ሳቅን።

ሊሄድ በዋዜማው ዝናቡ ጋብ ሲል ማሽኗን አወጣ። እየቆመ፣ እጀታዋን እየተደገፈ ግቢውን ሁሉ አጨደ። እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ፤ እናቴ ከኋላዬ፣ ክፍሉ ውስጥ፣ ሸሚዙን ትተኩሳለች። የተቆረጠ እርጥብ ሣርና የሐይቁ ጭቃ አንድ ላይ ይሸታል። ሲጨርስ ማሽኗን ያስገባታል ብዬ ስጠብቅ ጀሪካኑን ይዞ መጣ። ቤንዚኑን ገለበጠና ሞተሯን አስነሣት። በሐምሌ! ሣሩ ዓይናችን እያየ በሚያድግበት ወር! ሞተሯ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ አሳለችና ጠፋች።

አባቴ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። «እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አለኝ፤ ፈገግም አለ። ያኔ እንደማይመለስ እሱ ራሱ እንደሚያውቅ ገባኝ። ከኋላዬ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተኝ፤ እናቴ ካውያውን ሸሚዙ ላይ ረስታው ነበር። ያን ጊዜ ግን ሞተሯ ስትጠፋ የሰማሁት እኔ ብቻ መሰለኝ።

በሄደ በመጀመሪያው ቅዳሜ ታናሽ ወንድሜ ሣሩን እኔ ላጭድ ብሎ ተነሣ። ደነገጥኩ። ታንከሩን ባዶ ቢያገኘው «አባዬ በክረምት ለምን አንጠፈጠፋት?» ብሎ እናቴ ፊት መጠየቁ አይቀርም። እሷ ይህን እንድትሰማ አልፈለግኩም። ቀድሜው ወደ ዕቃ ቤት ሮጥኩና ልሞላበት ጀሪካኑን ሳነሣው ቀለለኝ። ባዶ ነው። የታንከሩን ክዳን ከፈትኩ፤ ቤንዚኑ እስከ አፉ ሞልቷል፤ በጎኑም ፈስሶ መሬቱን አርሶታል። አባቴ እስከ አፉ ሞልቶ አያውቅም።

«ሣሩ እርጥብ ነው፤ ሌላ ቀን ታጭዳለህ» አልኩት ወንድሜን።

ራት ስንበላ እናቴ አጎረሰችኝ። እጇ በሳሙናም በሎሚም ታጥቦ አሁንም ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ወንድሜ አባዬ መቼ ነው የሚመጣው አለ። «ለቡሄ ነዋ» አልነው፣ እሷም እኔም አንድ ላይ። ከዚያ በኋላ ቀና ብለን አልተያየንም።

አባቴ ለቡሄ አልደረሰም። አስከሬኑን በዓባይ በረሃ አሻግረው አመጡልን። በዚያ ክረምት ሣራችንን ጉማሬው ጨረሰው። እናቴም ማሽኗን ማንም እንዲነካት ሳትፈቅድ ኖረች።

እና ባለፈው ሳምንት ክዳኑን ከፍቼ ቆሜ ሳለ ሽታው በረንዳው ላይ ለተቀመጠችው እናቴ ደረሳት። አሁን አርጅታለች፤ ዓይኗም ደክሟል።

«እስከ ዛሬ አልተደፋም እንዴ?» አለችኝ።

«አንቺ እንደሞላሽው አውቅ ነበር፣ እማዬ።»

ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች።

«ባዶውን እንዳታዩት ብዬ ነበር ለእናንተ የሞላሁት» አለች በመጨረሻ። «ከሞላሁት በኋላ ግን እኔም አመንሁ፣ ልጄ። ቡሄ እስኪደርስ መንገድ መንገዱን ሳይ ነበር የምውል።»

ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት።