የምንጣፍ አንጣፊዎቹ ቲሸርት

ትናንት ዝናቡ ሲያባራ በጊዮርጊስ በኩል ሳልፍ፣ ጧፍ ሻጭዋ እማማ ዘነበች የራሰ በርጩማቸውን ይወለውሉ ነበር። ልስማቸው ጎንበስ ስል ዓይኔ እጃቸው ላይ ያለው ጨርቅ ላይ ቀረ። ጨርቁን አውቀዋለሁ። እንዲያውም ከእሳቸው በላይ አውቀዋለሁ!

የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፤ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። በጥምቀት የሰፈራችን ልጆች በታቦቱ ፊት ምንጣፍ ሲያነጥፉ፣ የታለፈበትን ጠቅልለው ተሸክመው ወደ ፊት ሲሮጡ ነው የሚውሉት። የሚለብሱት አንድ ዓይነት ቲሸርት ነው። በዚያ ዓመት ለሦስት መቶ ልጅ ሊታተም ሲታሰብ፣ የአንጣፊዎቹ አለቃ በረከት የእኔን ሥዕል መረጠ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ ከጥጉ ባለ ዘርፍ ጥላ፣ ሰባት ቀለም። እስከዚያ ድረስ ሥዕሌን ከእናቴ በቀር ማንም አይቶት አያውቅም። አሁን ሦስት መቶ ደረት ላይ ሊወጣ ነው!

በታኅሣሥ ብርድ ከበረከት ጋር ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወረድን፤ ጋሽ ከድር ማተሚያ ቤት። ጎረቤታቸው ሳምቡሳ ይጠበሳል፤ ዘይቱና ቀለሙ ተደባልቀው ይሸታሉ። ዛሬም ሳምቡሳ ስበላ ቀለም ቀለም ይለኛል።

ጋሽ ከድር ሁለት መንገድ አሳዩን። በአንደኛው ሥዕሉ ስስ ፕላስቲክ ላይ ይታተምና በጋለ ማሽን ቲሸርቱ ላይ ይለጠፋል፤ የፈለጉት ቀለም ሁሉ ይወጣል። ሁለተኛው ስክሪን ነው፤ እንጨት ላይ የተወጠረ ወንፊት መሳይ ጨርቅ። ቀለሙ በላስቲክ ሲገፋ በሥዕሉ ቅርጽ ብቻ ያልፋል። ግን እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ወንፊት ይፈልጋል።

"ለሰባት ቀለም ሰባት?" አልኩ።

"ሰባቱም ሳይዛነፉ መግጠም አለባቸው፣ የኔ ልጅ። በአንድ ቀለም ከተስማማሽ ግን ሦስት መቶውን ቶሎ ነው የማወጣልሽ።"

በአንድ ቀለም? ሞቼ እገኛለሁ! የሚለጠፈውን መረጥን። ጋሽ ከድር ናሙና ሠርተው "በሉ ለብሳችሁ ሞክሩት" አሉ። በረከት ይዞት ሄደ።

"ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" እየተባለ ባደግንበት ሰፈር የጥምቀት ልብስ ሳይተኮስ እንዴት ይለበሳል? በረከትም ናሙናውን አጥቦ፣ ካውያውን አግሎ፣ ቀጥ አድርጎ ሥዕሉ ላይ አሳረፈው። በማግሥቱ እማማ ዘነበች ጋ ጠበቀኝ። ቲሸርቱን ዘረጋው። ፈረሱ ጭንቅላት የለውም።

"የት ሄደ?"

"ካውያው ላይ" አለ፣ መሬት መሬት እያየ። "እማዬ እስካሁን እየፋቀችው ነው።"

ማልቀስም መሳቅም አማረኝ። እማማ ዘነበች አማተቡ።

"የሰማዕቱን ፈረስ በካውያ! ኧረ ለመሆኑ፣ ቲሸርት ሲያረጅ ምን እንደሚሆን አስባችኋል? መወልወያ ነው የሚሆነው። በቅዱስ ሥዕል ወለል ልትወለውሉ ነው?"



ቤቴ ገብቼ ሥዕሌ ላይ አፈጠጥኩ። ሰማዕቱ ከወጣ፣ ፈረሱ ከወጣ፣ ምን ይቀረኛል? ከጥግ ያለችው ጥላ። ቦታ መሙያ ብዬ የሣልኳት! በቀይ ብቻ ደጋግሜ ሣልኳት። ጋሽ ከድር አይተው "ዘርፏን አወፍሪው፤ ቀጭን መስመር ወንፊቱ ውስጥ ይደፈናል" አሉኝ። አወፈርኩት። ከዚያ ላስቲኩን አስያዙኝ። ቀለሙን ወደ ራሴ ሳብኩት፤ ወንፊቱ ሲነሣ ጥላዬ ነጩ ቲሸርት ላይ ተዘርግታለች። ትንፋሼን ይዤ ቆይቼ ኖሮ "ተንፍሺ እንጂ!" አሉኝ።

በረከት ግን ቀለሙ እንደደረቀ ካውያ ካልመጣ ብሎ ድርቅ አለ። ተኮሳት። ንቅንቅ አላለችም።

በጥምቀት ዕለት ሦስት መቶ ቀይ ጥላ ምንጣፍ ታቅፎ ሲሮጥ አየሁ። ሰባቱ ቀለሞች ትዝም አላሉኝ። እሺ፣ አንድ ሁለቴ ትዝ ብለውኛል።

ትናንት እማማ ዘነበች ዓይኔን ተከትለው ጨርቁን ተመለከቱት። የልጅ ልጃቸው ለብሶ የጨረሰው ነው።

"መወልወያ ይሆናል ብዬሽ አልነበረም?"

"ብለውኛል፣ እማማ።"

"ስንቴ እንዳጠብኩት! ቲሸርቱ አለቀ፤ ይቺ ጥላሽ ግን እምቢ አለች።"

ሥዕሌ ፍሬም ገብቶ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ብዙ ጊዜ በሐሳቤ አይቻለሁ፤ ሰው እጅ ላይ እንዲህ ማርጀት የሚባል ክብር እንዳለ ግን አላውቅም ነበር። እማማ ጨርቁን ጨመቁት፣ ጥላዋን ወደ ላይ አድርገው በርጩማው ላይ አነጠፉልኝ።

"ነይ፣ አረፍ በይ።"

የገዛ ሥዕሌ ላይ፣ ደስ እያለኝ ተቀመጥኩ።