ተቀመጥ ሲሉኝ ተቀመጥኩ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁ ማታ ቤቴ ውስጥ አሥራ አንድ አስተማሪዎችና አንድ ርዕሰ መምህር ነበሩ፤ ወንበር ግን አራት ብቻ ነበር። ላጤ ነኝ፤ ከአራት በላይ ወንበር አስፈልጎኝ አያውቅም። ወንበር ያልደረሳቸው አልጋዬ ላይ፣ የመጻሕፍት ካርቶኖቼ ላይና የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው አረቄ ይጠጣሉ፤ አንዳቸውም ስላላዩዋት አሜሪካ ይመክሩኛል። የባዮሎጂው አስተማሪ «ውሃ በብዛት ጠጣ» አለኝ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ርዕሰ መምህሩ አቶ በዛብህ ከኮታቸው ኪስ ፖስታ አወጡና ለሁሉም አነበቡ። የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ማስተማሬን፣ የትምህርት ቤቱ ንብረት በእጄ አለመኖሩን፣ ከመጠጥም የራቅሁ መሆኔን ይመሰክራል። እዚህ ላይ ሲደርሱ መለኪያዬን ከአልጋው ሥር አስገባሁት። ደብዳቤው ሦስት ክብ ማህተም ነበረው፤ አንደኛው ግማሹ ፎቶግራፌ ላይ አርፎ ግራ ጆሮዬን ሐምራዊ አድርጎታል።

«ይኼን ይዘህ የማይከፈትልህ በር የለም» አሉኝ። «ሂድና እንግሊዝኛ አስተምራቸው።»

«ማንን?» አለ የባዮሎጂው።

«አሜሪካኖቹን ነዋ!»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን፣ አረቄው ይሁን ትዕቢቱ፣ ተነሥቼ ማልኩ፦ አሜሪካ ገብቼ ከጠመኔ ሌላ የሥራ ዕቃ በእጄ ከያዝኩ፣ በመምህራን ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ያለው ስሜ ይፋቅ። አቶ በዛብህ «ተመዝግቧል» አሉ፤ እሳቸው ደግሞ የመዘገቡትን አይረሱም።

አሜሪካ ስገባ ሲልቨር ስፕሪንግ የአክስቴ ልጅ ጌታሁን ቤት አረፍኩ። ጌታሁን የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ሱፐርቫይዘር ነው፤ ሻንጣዬ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ሥራ አግኝቶልኝ ነበር።

«ጋሼ፣ መግቢያው ላይ ባለችው ቡዝ፣ በመስታወቷ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው መጽሐፍዎን ያነባሉ። መኪና ሲመጣ ቲኬት ይሰጣሉ፤ በቃ! ሂተር አላት፣ ኤሲ አላት። ስንቱ ዶክተር ከእሷ ነው የጀመረው።»

«ምኑን?»

«ኑሮውን!»

መሐላዬን ነገርኩት። ጌታሁን ትንሽ አሰበ። «ቲኬት ወረቀት አይደል? ወረቀት ከጠመኔ በምን ያንሳል?» አለኝ። እንዳልተዋጠልኝ ሲያይ ግን «እሺ፣ ቦታውን እስከ ኦገስት መጨረሻ ሆልድ አደርግልዎታለሁ። ከዚያ በኋላ ግን የወንድማማችነቱን ነገር እርሱት፤ ሰው እቀጥራለሁ» አለ።

ስለ ስደት የሚጽፍ ሁሉ የአገሩ ምግብ እንደናፈቀው ይጽፋል። እኔ አልናፈቀኝም፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከደብረ ብርሃን ይልቅ ብዙ ዓይነት ወጥ አለ፣ ሥጋውም አያታግልም። የናፈቀኝ ጠዋት ክፍል ስገባ ስድሳ ሰባት ልጅ በአንድ ጊዜ ሲነሣ ዴስኩ የሚያሰማው ጓጓታ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰው ለሰው አይነሣም። አንድ ቀን ባቡር ውስጥ በትር የያዘ ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫዬ ተነሣሁለት። «ያን ያህል ያረጀሁ እመስላለሁ?» ብሎ ተቆጣኝ። እሱም ቆሞ፣ እኔም ቆሜ፣ ወንበሩ ባዶውን ሦስት ፌርማታ ተጓዘ።

የሲልቨር ስፕሪንግ ትምህርት ቤቶች ማህተሜን አይተው ፈገግ አሉ፤ ከዚያም የዲግሪ ማስረጃዬ ከዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት ታሽጎ በቀጥታ ይምጣልን አሉኝ። መዝገብ ቤቱ ጋ ስደውል ባለቤቱ በአካል ይቅረብ አለኝ። ባለቤቱ አሜሪካ ነው ብል «ታዲያ ሲመለስ ይምጣ» አለ። በዚህ ጊዜ ነው ጌታሁን «እዚህን ይተዉት፤ ወንዝ ማዶ ይሞክሩ። አሌክሳንድሪያ የጎልማሶች ትምህርት ቤት አለ፤ የኛ ሰው ሞልቶበታል» ያለኝ። በባቡርና በአውቶቡስ ወንዙን ተሻግሮ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ሐምሌ ነበር፤ ውጪው አዋሽ፣ ሕንፃው ውስጥ ደብረ ብርሃን። ሹራቤን ለክረምት ብዬ ጌታሁን ቤት ትቼው፣ በበጋቸው ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ገባሁ።

ጸሐፊዋ ሽበቷ ያማረ፣ አንጓዋ በፋሻ የታሰረ አሮጊት ነበረች። ሳልናገር «ተቀመጥ» አለችኝ። እንግሊዝኛ አንተና አንቱን አይለይም፤ አነጋገሯ ግን አንቱ ያለችኝ አይመስለኝም። በታመመ እጇ ከመደርደሪያው ላይ ወረቀት አውርዳ፣ እርሳስ ቀርጻ ሰጠችኝ። ፈተና ነው። አስተማሪ ሲቀጥሩ መፈተናቸውን በልቤ አደነቅሁ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ፣ ሥዕል ተሥሎ «ይህ ምንድን ነው? ሀ. ዝሆን፣ ለ. ጃንጥላ» ሲለኝ ግን ነገሩ ገባኝ። ተማሪ መስያታለሁ።

እዚህ ላይ አገሬን የማያውቅ አንባቢ «ታዲያ ለምን አልነገርካትም?» ይላል። አገሬን የሚያውቅ ግን አይጠይቅም። እናቴን የምታክል ሴት በታመመ እጇ ደክማልኛለች፤ እርሳስ ቀርጻልኛለች። አሁን ተነሥቼ ተሳስተሻል ልበላት? ፈተናውን ጨርሼ በዘዴ እነግራታለሁ አልኩ። ጨረስኩ። አርማ መቶ ከመቶ ሲሆንባት ብድግ ብላ የቢሮውን ሰው ሁሉ ጠራች። አራት ሰው አጨበጨበልኝ። ከጭብጨባ በኋላ ምን ይባላል? ደብዳቤዬን ብቻ አወጣሁና ሰጠኋት። ማህተሞቹን አይታ «እንዴት ያምራል!» አለችና ኮፒ አድርጋ በተማሪነት ፋይሌ ውስጥ አስገባችው። ደረጃ ስድስት፣ ክፍል አሥራ ሁለት፣ ሰኞ ጠዋት።

ማታ ጌታሁን ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ እንዴት ሆነ? ተቀጠሩ?»

«ገብቻለሁ።»

«እሰይ! እንደ ምን ሆነው?»

«እሱ ገና አልተለየም።»

ለክፍሉ አስተማሪ እነግረዋለሁ ብዬ ሰኞ ገባሁ። አስተማሪው ብራያን የሚባል፣ ሥራ ከጀመረ ሁለተኛ ሳምንቱ የሆነ፣ ሸሚዙ ከላብ የማይደርቅ ወጣት ነው። በዚያ ብርድ! ሃያ ጎልማሳ ፊት ቆሞ እንደዚያ ሲጨነቅ፣ ከተማሪዎቹ አንዱ ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማረ ሰው መሆኑን ብነግረው የሚሞት መሰለኝ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በነጋታው ክሊኒክ የሄድን መስለን እንድንነጋገር አዘዘን። እኔ እጁ የተሰበረ ሰው ሆንኩ፤ አንዲት የኤል ሳልቫዶር ሴት ሐኪሜ ሆነች፤ ውሃ በብዛት ጠጣ አለችኝ። የባዮሎጂው አስተማሪ ነቢይ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ብራያን ከክፍል በኋላ አስቀረኝና በሹክሹክታ «ሲንጫጩ እንዴት ነው ዝም የማሰኛቸው?» አለኝ። «አትጩህ፤ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ ከኋላ ወንበር ጀምር» አልኩት። ሠራለት። በሦስተኛው ሳምንት የነገውን ትምህርት አብረን እናወጣ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ አሜሪካናዊን ማስተማር ጀምሬ ነበር፤ አቶ በዛብህ ያሉት ደርሷል፤ ያላወቀው ራሱ አሜሪካናዊው ብቻ ነው።

ጌታሁን ግን የደረጃ ስድስት መጽሐፌን ሶፋ ላይ አገኘው። ሽፋኑን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ሽፋኑን አየ።

«ጋሼ… ኢንግሊሽ ክላስ ጀምረዋል?»

«ለጊዜው ነው።»

«እርስዎ? እኔን በኩርኩም ያስተማሩኝ?» እስኪያነባ ሳቀ። ሲበቃው ዓይኑን ጠርጎ «ሦስት ሳምንት ቀርቶናል፤ ቡዟ እየጠበቀችዎት ነው» አለኝ።

ነገሩ የተገለጠው በአራተኛው ሳምንት ነው። ከማታው ክፍል ወደ ጠዋቱ የተዛወረች አንዲት ልጅ በሩን ከፍታ ገባች፣ ተቀመጠች፣ ዞር ስትል አየችኝ። ደብተሯ ወደቀ።

«ቲቸር?»

አስቴር ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል ሁለት ጊዜ ያስተማርኳት። ብድግ ብላ ቀጥ አለች። እጆቿን ግራና ቀኝ አድርጋ፣ ዓይኗን ሰብራ፣ ልክ እንደ ድሮዋ። ክፍሉ ውስጥ አምስት የኛ ሰዎች ነበሩ፤ ቲቸር የሚለውን ሰምተው፣ ማን እንደሆንኩ ሳያውቁ፣ ተነሡ። አንድ ሰው ለመምህሩ ሲነሣ ተቀምጦ መቅረት ነውር ነው። የኤል ሳልቫዶሮቹ እነዚህ የሚያውቁት አንድ አደጋ አለ ብለው ተነሡ። ብራያን ሃያ ሰው ቆሞ ሲያይ ፊቱ ነጣ።

«እሳት ነው?» አለ።

መልስ አልጠበቀም። ደንቡ እንደሚያዝዘው አሰልፎ አወጣን። ሌሎቹም ክፍሎች እኛን አይተው ወጡ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ትምህርት ቤቱ በሙሉ የመኪና ማቆሚያው ላይ ተኮልኩሏል፤ ያን ያህል የሸሸሁት የመኪና ማቆሚያ መሃል ቆምኩ። ዳይሬክተሯ የስም ዝርዝር ይዛ እየሮጠች መጣች፤ ብራያን ወደ አስቴር ጠቆመ፣ አስቴር ወደ እኔ።

«ሰዎቹ ለምንድን ነው የተነሡት?» አለችኝ ዳይሬክተሯ።

«አስተማሪ ስለሆንኩ።»

«የምን አስተማሪ?»

«የእንግሊዝኛ።»

ዝርዝሩን አየች። «የደረጃ ስድስት ተማሪ ነህ።»

«እሱንም ነኝ።»

«የእንግሊዝኛ አስተማሪ ከሆንክ ለምን እንግሊዝኛ ትማራለህ?»

«ጸሐፊዋ ተቀመጥ አለችኝ።»

«መቼ?»

«የዛሬ አራት ሳምንት።»

ቢሮዋ ወስዳኝ ፋይሌን አወጣች። ደብዳቤዬ፣ ሐምራዊ ጆሮዬ፣ ሦስቱ ማህተሞች። ለረጅም ጊዜ አነበበች፤ ደግ ሴት ናት፣ ሳቋን እየታገለች እንደሆነ አይቻለሁ። ከመስከረም ጀምሮ ረዳት አስተማሪ እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። ደንቡ ግን፣ ወይ እዚህ አገር የተመዘነ ዲግሪ፣ ወይ የዚያው ትምህርት ቤት ተመራቂ መሆን ይላል።

«ስለዚህ ደረጃ ስድስትን ብትጨርስ መቅጠር እንችላለን።»

«ሃያ ሁለቱ ዓመትስ?»

ፎርሙን አገላብጣ ፈለገች። «ለእሱ ቦታ የለውም።»

«አራቱ ሳምንትስ?»

«ለእሱ አለው» አለች ደስ ብሏት። ከዚያም አስታወሰችና «የመጨረሻውን ፈተና ካለፍክ ማለቴ ነው» አለች።

ሁለት ቀን ኮራሁ። ከጃንጥላና ከዝሆን አንዱን መርጬ አስተማሪ ከምሆን ቲኬት እየሰጠሁ በክብር ባነብ ይሻላል አልኩ። ሦስተኛው ቀን አስቴር የአውቶቡሱ ፌርማታ ላይ ያዘችኝ።

«ቲቸር፣ ዘጠነኛን ስወድቅ ምን ነበር ያሉኝ?»

«ምን አልኩሽ?»

«ʻመድገም ውርደት አይደለም፤ ውርደቱ ቤት መቅረት ነውʼ አሉኝ። ሰፈር ሁሉ እየሳቀብኝ ደገምኩ። እርስዎም ይድገሙ እንጂ! ለእኛ ብቻ ነው እንዴ ምክሩ?»

መምህር ሆኖ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ሰኞ ክፍሌ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ኦገስት መጨረሻ ላይ ሰማያዊ ካባ ለብሼ ተመረቅሁ። ብራያን ንግግር አደረገና ሽልማት ሰጠኝ፦ ከሁሉም በላይ የተሻሻለ ተማሪ። የመግቢያ ፈተናዬ መቶ ከመቶ ነበር፤ የመውጫውም መቶ ከመቶ። ከመቶ ወደ የት እንደተሻሻልኩ የጠየቀ የለም። ጌታሁን ፉጨቱን አቀለጠው፤ ቡዟን ለአንድ የኢኮኖሚክስ መምህር ሰጥቷታል። አስቴር ፎቶግራፍ አንሥታ፣ ደብረ ብርሃን ላለው ወንድሟ በኢሜይል ላከችው። ደብረ ብርሃን የደረሰ ነገር ደግሞ አቶ በዛብህ ጋ ሳይደርስ አይቀርም።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት፣ ወደ አሌክሳንድሪያ ከመሄዴ በፊት ማለዳ አቶ በዛብህ ጋ ደወልኩ። እኔ ጋ ጎህ ሲቀድ እዚያ የከሰዓቱ ፈረቃ ሊገባ ነው።

«ደሳለኝ! ፎቶግራፍህ ደረሰን። አሳትመን የመምህራን ክፍል ሰቅለነዋል። ምንድን ነው እሱ፣ ማስተርስ ነው?»

«አይደለም።»

«ዶክትሬትማ በሁለት ወር አይሰጡም።»

«እንግሊዝኛ ነው፣ አቶ በዛብህ። እንግሊዝኛ ተምሬ ተመረቅሁ።»

የስልክ ካርዴ ያለቀ መሰለኝ።

«አንተ?»

«እኔ።»

«አለፍህ?»

«አለፍኩ።»

«ተመስገን» አሉ ከልባቸው። «ወረቀቱ ማህተም አለው?»

«የለውም። ፊርማ ብቻ ነው።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንግዲያው ለሰው አታሳየው። መሐላውስ?»

ጠመኔ እንደሌላቸው፣ ነጭ ሰሌዳ ላይ በሚጠረግ ማርከር እንደሚጽፉ ነገርኳቸው። እንዲፈርዱብኝ ጠበቅሁ።

«ግን ሰሌዳው ላይ ትጽፋለህ?»

«ቀኑን እጽፋለሁ። የቀረውን ብራያን ነው የሚጽፈው።»

«ቀኑም ቀላል አይደለም» አሉ ትንሽ አስበው። «ስምህ አይፋቅም።»

«የኔን ክፍል ማን ያዘው?»

«ማን ይይዘዋል? አልተመደበልንም፤ እኔው ደርቤ ይዤዋለሁ። ጂኦግራፊ የተማረ ሰው እንግሊዝኛ ሲያስተምር እግዜር ይቅር ይበለው። ይኸው ተደወለ፤ ልግባ በል፣ ሰላም ሁን።»

ስልኩን ግን አልዘጉትም፤ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። የጨርቅ መፋተግ ሰማሁ፣ የጫማ ኮቴ፣ የበር ሲጢጥታ። ከዚያ ያ ጓጓታ መጣ፤ የስድሳ ሰባት ልጅ ዴስክ። «ጉድ አፍተርኑን ቲቸር!» አሉ በአንድ ድምፅ።

«ሲት ዳውን» አሉ አቶ በዛብህ፣ ከጨርቁ ውጪ፣ ከሩቅ።

ዴስኮቹ እንደገና ተንጓጉ፣ ጸጥታ ሆነ፣ ካርዱም አለቀ። ጌታሁን ከመኝታ ቤቱ ሲወጣ ሳሎኑ መሃል ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቀጥ ብዬ ቆሜ አገኘኝ።

«ምነው ጋሼ፣ ማን መጣ?» አለኝ።